ሌዲ ኤቭሊን (ዘይነብ) ኮቦልድ፦ በ65 ዓመቷ ብቻዋን ለሐጅ የወጣችው ስኮትላንዳዊት



ሴት ልጅ ራሷን ለማግኘትና ነፍሷን ለማሳረፍ ብቻዋን ወደ ውጭ አገር ስለምታደርገው ጉዞ ዛሬ ዛሬ በየዶርሙ ይወራል። ከእኛም መካከል የሚያደንቀው አለ፣ የምዕራባውያን ቅንጦት ነው ብሎ የሚያጣጥለውም አለ። በዚህ እትም ለአንዱ ወገን ልንፈርድ አልተነሳንም። ይልቁንስ ይህ ወሬ ከመጀመሩ ብዙ አስቀድሞ፣ በ1933፣ የልጅ ልጆች ካየች በኋላ ሻንጣዋን ሸክፋ የወጣች አንዲት ሴት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሂጅራ ካልተባለ በስተቀር እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤቭሊን መሪ በ1867 በኤደንብራ ከተማ ተወለደች። አባቷ ሰባተኛው የደንሞር ኧርል ናቸው፤ በእኛ አባባል ከትልልቆቹ መሳፍንት አንዱ ማለት ነው። ሰውየው ጉዞ ወዳድ ስለነበሩ የስኮትላንድን ክረምት መቋቋም አይወዱም፤ ብርዱ ሲመጣ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አልጄሪያና ወደ ግብጽ ይወርዳሉ። ኤቭሊን ዐረብኛ የተማረችው እዚያ፣ ከሰፈር ልጆች አፍ ነው። የምታስተምራት ሞግዚት ዘወር ስትልላት ከአልጄሪያውያን ጓደኞቿ ጋር ሹልክ ብላ መስጊድ ትገባ ነበር። ካደገች በኋላ እንደጻፈችው፣ ያኔ ሳይታወቃት በልቧ ትንሽ ሙስሊም ሆና ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጅነቱ አለቀ። ወደ አገሯ ተመለሰች፣ ዐረብኛውም እየደበዘዘ ሄደ። ዓመታት አልፈው አንድ ጊዜ ሮም ውስጥ ከሊቀ ጳጳሱ ፊት የመቅረብ ዕድል ገጠማት። ሊቀ ጳጳሱ ካቶሊክ መሆን አለመሆኗን ሲጠይቋት፣ ሙስሊም ነኝ ብላ መለሰች። በኋላ ስታስታውሰው ምን እንዳናገራት ራሷም አታውቅም፤ ለዓመታት ስለ እስልምና አስባ እንኳ አታውቅም ነበርና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማንበብና ማጥናት ያዘች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ የሰለምቴ ታሪክ መስማት እንወዳለን፤ የምንወደውም ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ሲሆን፣ ሸሃዳው በጀማዓ ፊት ተይዞ ተክቢራ ሲከተለው ነው። የኤቭሊን እንደዚያ አይደለም። መቼ ሰለምሽ ብለው ሲጠይቋት ቀን መጥቀስ አትችልም፤ ሁልጊዜም ሙስሊም የነበረች ይመስላታል። የፊጥራን ነገር ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ መልስ አይደለም። ችግሩ ግን ይህ ነው፦ ቀን የሌለው፣ ምስክር የሌለው፣ ጀማዓ የሌለው እስልምና በልብ ውስጥ ብቻ ሲቀመጥ ለሰው ምን ተብሎ ይነገራል? ኤቭሊን ይህን ጥያቄ ይዛ አርባ ዓመት ያህል ኖረች።

በ1891 ካይሮ ላይ ጆን ዱፑዊ ኮቦልድ የተባለ ባለጸጋ አገባች። ቤተሰቡ ኢፕስዊች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ስመ ጥር ነው፤ ሀብቱ ከቢራ ጠመቃ የመጣ ነበር፣ እንግዲህ አላህ የፈለገውን ከፈለገው ቦታ ያወጣል። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። ኑሮው የእልፍኝ፣ የግብዣና የአደን ኑሮ ነው። እሷ ግን በየጊዜው ወደ በረሃው ታመልጣለች። በ1911 ከአንዲት ሴት ጓደኛዋ ጋር ከግብጽ በስተ ምዕራብ ያለውን የሊቢያን በረሃ ተጉዛ፣ በማግስቱ ዓመት የጉዞ መጽሐፍ አሳተመች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዐረብ ወዳጆቿ በሚልኩላት ደብዳቤ በእስልምና እህታችን እያሉ ይጠሯት ጀምረው ነበር። ዘይነብ የሚለውም ስም ወጣላት።

በ1922 ከባሏ ጋር በየቤታቸው ለየብቻ መኖር ጀመሩ። እሷ በሰሜን ስኮትላንድ ተራሮች መካከል ያለውን የግሌንካረን ርስት ይዛ ዓሣ ማጥመዱንና አጋዘን ማደኑን ቀጠለች። በጠመንጃ አያያዟ ወንዶቹ ሳይቀሩ ያደንቋት ነበር ይባላል። በ1929 ባሏ ሞተ። ልጆቿ አድገው የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል። ቤቱ ሰፊ ነው፤ በአካባቢው ግን አብሯት የሚሰግድ አንድም ሰው የለም። ለረመዳን ሰሑር የሚቀሰቅሳት ጎረቤትም የለም። ከቤተሰቡ ውስጥ ብቸኛ ሙስሊም የሆነ ተማሪ ካለ ይህን ከእኛ በላይ ይረዳዋል።

ሐጅ ለማድረግ የወሰነችው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለች ነው።

ጊዜው እንዴት ያለ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ሳዑዲ ዓረቢያ በዚህ ስም መንግሥት ሆና የታወጀችው በመስከረም 1932 ነው፤ ገና ግማሽ ዓመቷ ነበር። ነዳጅ አልተገኘም። በኋላ ነዳጁ የተገኘበት የፍለጋ ስምምነት እንኳ የተፈረመው በግንቦት 1933፣ ከዘይነብ ሐጅ በኋላ ነው። አገሪቱ የምትኖረው በሑጃጆች ገቢ ሲሆን፣ የዓለም ኢኮኖሚ ስለወደቀ ከውጭ የሚመጣው ሐጃጅ ወደ ሃያ ሺህ ዝቅ ብሎ ነበር። አውሮፕላን የለም፣ በረሃውን የሚያቋርጥ አስፋልት የለም። አውሮፓዊ ሁሉ ጅዳ ላይ ይቆማል፤ ሙስሊም ካልሆነ ከከተማዋ ወጥቶ ወደ መካ አንድ እርምጃ አይራመድም።

ዘይነብ ለንደን ለሚገኙት የሳዑዲ ተወካይ ለሸይኽ ሓፊዝ ወህባ ሐሳቧን አስታወቀች፤ እሳቸውም ለንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ጻፉላት። እሷ ግን መልሱን ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። በግብጽ በኩል መርከብ ተሳፍራ በየካቲት 1933 መጨረሻ ገደማ ጅዳ ገባች። ያረፈችው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በሰለመው እንግሊዛዊ በዐብዱላህ ፊልቢ ቤት ነው።

እኛ ከታሪኳ ሁሉ ልብ የሚሰቅለው ይህ የጅዳው ጥበቃ ይመስለናል። ቀናት ያልፋሉ፣ ፈቃድ አይመጣም። ብትከለከል የምታጣው ጉዞ ብቻ አይደለም። አርባ ዓመት በልቧ የያዘችውን ነገር የሙስሊሞች አገር ራሱ አላውቀውም እንዳላት ይቆጠራል። ጠርጣሪዎቹም ምክንያት ነበራቸው፦ ከእሷ በፊት ሙስሊም መስለው መካ የገቡ አውሮፓውያን ነበሩ። ሪቻርድ በርተን በ1853 እንደዚያ አድርጎ ገብቶ መጽሐፍ ጽፎበታል። አንዲት ባለማዕረግ አሮጊት የመጣችው ለዒባዳ ይሁን ለጀብዱ በምን ይታወቃል? ልብን አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ፈቃድ የሚሰጡት ግን ሰዎች ናቸው። በቆይታዋ በኋላ ንጉሥ የሆኑት አሚር ፈይሰል ጋር ተገናኘች። በመጨረሻም ፈቃዱ መጣላት።

በመጀመሪያ ወደ መዲና ሄደች። ከጅዳ መዲና አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና፣ በአሸዋና በድንጋይ ላይ። በመንገድ ዳር በግመልና በእግር የሚጓዙ ሑጃጆችን እያለፈች ነው የሄደችው። መኪና መያዟ በዚያ ዘመን የጥቂቶች ዕድል እንደነበር መዘንጋት የለብንም። ከጃዋና ከሕንድ ዕድሜ ልካቸውን ፍራንክ አጠራቅመው የመጡ ስማቸውን ማንም ያልጻፈላቸው እናቶች ነበሩ። ለዘይነብ ብዙ በር የከፈተላት ገንዘቧና የአባቷ ስም ነው።

መዲና ላይ በአንድ ቤተሰብ ቤት፣ በሴቶቹ ክፍል አረፈች። በእኛ ግምት የመጽሐፏ ምርጡ ክፍል እዚህ ይጀምራል። በርተንም ሆነ ከእሱ በፊት የሄደው ቡርክሃርት ያላዩትን፣ ሊያዩትም የማይችሉትን ነገር አየች፦ የሴቶቹን ጓዳ። የቤቱ ሴቶችና ጎረቤቶቻቸው ከበው ስለ ልጆቿና ስለ ኑሮዋ ይጠይቋታል፣ ያጫውቷታል። የተረሳው የልጅነት ዐረብኛዋ እየተንገዳገደም ቢሆን ይመለሳል። አውሮፓ ውስጥ ስለ ሐረም የሚወራውን ተረት ሁሉ ልትጽፍበት የተነሳችው ይህን ካየች በኋላ ነው። በእንግሊዝ ያገባች ሴት በስሟ ሙሉ የንብረት ባለቤት እንድትሆን የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1882፣ ዘይነብ የ15 ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ስለዚህ ስለ ሙስሊም ሴት የውርስና የንብረት መብት ስትጽፍ የምታወዳድረው በዓይኗ ካየችው ጋር ነበር።

ከዚያ መካ። ሴት ለኢሕራም የተለየ ልብስ ባይኖራትም ማዕረግ ግን ትጥላለች። ካዕባን ዞረች፣ ሰፋና መርዋ መካከል ተመላለሰች፣ ዘምዘም ጠጣች። በ1351 ሂጅራ የዙልሒጃ ወር፣ ሙቀቱ በጀመረበት ሰሞን፣ አረፋ ላይ ቆመች። ስለዚያ ቀን ስትጽፍ እንዲህ ያለውን የሰው ባሕር ለመግለጽ ብዕሯ እንደማይበቃ ትናገራለች። በዚያ ሜዳ ላይ ማንም ሌዲ ብሎ አይጠራትም፤ ከሺዎች አንዷ ነበረች። ራሴን አገኛለሁ ብሎ የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከሌላው የሚለይበትን ነገር ነው። እሷ አርባ ዓመት የፈለገችው መቆጠርን ነበር፣ ከሰልፉ ውስጥ አንዷ መሆንን።

እዚህ ላይ ከእህቶች የሚነሳ ጥያቄ እንዳለ እናውቃለን፦ መሕረምስ? ባሏ ሞቷል፣ ልጇ ሙስሊም አይደለም። በጉዳዩ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። ሐነፊና ሐንበሊ መሕረም ሲጠይቁ፣ በአገራችን ብዙዎች የሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ ለግዴታ ሐጅ ከታመኑ ሴቶች ጋር መጓዝን ይቀበላል። ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እንተወው። የእሷን ታሪክ የምናወራው እንደ ፈትዋ አይደለም።

ሐጅ ማድረጓ የታወቀ የመጀመሪያዋ የብሪታኒያ ተወላጅ ሙስሊም ሴት ተብላ ትጠቀሳለች። ከገዢ ሴቶች የቦፓሏ ሲከንደር በጉም ከሕንድ ተነስተው በ1860ዎቹ ሐጅ አድርገው ጽፈዋል፤ እሳቸው ግን የሄዱት በትልቅ አጀብ ነበር። የዘይነብ መጽሐፍ በ1934 ወጣ፣ ርዕሱም ወደ መካ የተደረገ ሐጅ እንደማለት ነው። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ስለ ኬንያ ጉዞዋ ሌላ አሳተመች።

ከሐጅ መልስ ያለውን ሕይወቷን የሚያሳምሩ ጽሑፎች አሉ፤ እኛ ግን እንዳለ እንንገር። ወደዚያው ግሌንካረን፣ ወደዚያው ብቸኝነት ተመለሰች። አደኑን አልተወችም። መካ ሄዳ ስትመጣ ጎረቤቶቿ አልሰለሙም፣ መስጊድም አልተሠራላትም። በሰኔ 1944 አንድ ልጇ አይቫን ለንደን ውስጥ ጀርመኖች በላኩት በራሪ ቦምብ ሞተ። የተጻፈላት መከራ ይህ ነበር። እሷ ከዚያ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት ያህል ኖረች፤ ስሟን ዘይነብ፣ ሃይማኖቷን እስልምና እንዳለች።

በጥር 1963 በ95 ዓመቷ አረፈች። ያ ክረምት በብሪታኒያ ታሪክ ከታዩት እጅግ ብርዳማዎቹ አንዱ ነው፤ ምድሩ ሁሉ በረዶ ነበር። የቀብሯን ነገር አስቀድማ ተናዝዛ ነበርና ቄስ አልተጠራም። ለንደን አጠገብ ከሚገኘው የዎኪንግ መስጊድ ኢማሙ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠው መጥተው በዐረብኛ አሰገዱባት። እንደ አገሯ ልማድ ደግሞ የስኮትላንድ ዋሽንት የሚነፋ ሰው ቆሞ ነፋላት። በርስቷ ላይ ካለ ሰው የማይደርስበት ኮረብታ፣ ፊቷ ወደ መካ ዞሮ ተቀበረች። በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ከሱረቱ አን-ኑር የብርሃን አያ በዐረብኛ ተቀርጿል።

መጽሐፏ በ2008 ስለ ሕይወቷ ሰፊ መግቢያ ተጨምሮበት እንደገና ታትሟል፤ እንግሊዝኛውም ከባድ አይደለም።

አላህ ይዘንላት።