የኢማም ነወዊ የዕለት ድርሻ



በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መጽሐፍ የሚያዞሩ ወጣቶች ከሚያቅፏቸው መጻሕፍት መካከል ስለ ስኬት ምስጢር የሚያወሩት ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙ ናቸው፤ በምሳሌነት የሚያቀርቡልንም የኩባንያ ባለቤቶችንና ባለሀብቶችን ነው። እነዚህን መጻሕፍት ማንበብ ነውር የለውም፤ ጠቃሚ ምክርም አይጠፋባቸውም። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሪያዱ-ስ-ሷሊሒን በብዙ ሙስሊም ቤት መደርደሪያ ላይ ይገኛል። አርበዒን ሐዲስን ልጆቻችን በቃላቸው ይይዙታል። በወሎም ሆነ በሐረር የሻፊዒይ ፊቅህ የሚቀራ ደረሳ ሚንሃጅን ያውቀዋል። ሦስቱንም የጻፉት አንድ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው ቀናቸውን በምን ያሳልፉ እንደነበር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ይህን የማነሳው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ዛሬ ተምሮ ሥራ ያጣው፣ ነግዶ የከሰረው፣ ቂርኣት ጀምሮ ያቋረጠው ወጣት ምክንያቱን ሲጠየቅ ዕድሌ ነው ብሎ ያልፋል። ሌላው ደግሞ የተሳካላቸውን አይቶ ለእነሱ ተሰጥቷቸዋል፣ ለእኔ አልተሰጠኝም ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ቀደር የኢማናችን አካል መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም በቀደር ማመን አንድ ነገር ነው፤ ቀደርን የስንፍና መሸሸጊያ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የኢማም ነወዊ ሕይወት ይህንን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል ብዬ ስለማምን በዛሬው ጽሁፌ ላወጋችሁ ወደድኩ።

ኢማሙ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በስማቸው የሕያ ኢብን ሸረፍ ይባላሉ። የተወለዱት በ631 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1233) ከደማስቆ በስተደቡብ፣ በሐውራን ምድር በምትገኝ ነዋ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ነወዊ የሚለው መጠሪያም ከዚችው ከትውልድ ቦታቸው የመጣ ነው። ዘመኑ ክፉ ዘመን ነበር። ኢማሙ የ25 ዓመት ወጣት ሳሉ ሞንጎሎች ባግዳድን አወደሙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1260፣ ራሷ ደማስቆ በእጃቸው ወደቀች። እንግዲህ የተማሩትና የጻፉት አገር ሰላም ሆኖ፣ ሆድ ሞልቶ አልነበረም።

አባታቸው ሸረፍ በነዋ ሱቅ ነበራቸው። ትንሹ የሕያ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ እኩዮቹ ካልተጫወትክ ብለው ሲያስገድዱት እያለቀሰ ይሸሻቸው ነበር፤ እየሸሸም ቁርኣን ይቀራ ነበር። ይህን ሁኔታ ያዩት ያሲን አል-መራኩሺ የተባሉ ደግ ሰው ወደ ቁርኣን አስተማሪው ሄደው ልጁ ትልቅ ዓሊም እንደሚሆን ተስፋቸውን ነገሯቸው፤ በደንብ እንዲይዙትም አደራ አሏቸው። አስተማሪው ለአባት ነገሩ። አባትም ነገሩን ችላ አላሉትም፤ ልጃቸው ለአቅመ አዳም ሲቃረብ ቁርኣንን እስኪያኸትም ድረስ ተከታተሉት። ሱቅ ውስጥም አስቀምጠውት ነበር፤ ገበያው ግን ልጁን ከቁርኣኑ አላዘናጋውም።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ሸረፍ ባለሱቅ እንጂ ዓሊም አልነበሩም። ልጄ የእኔን ሥራ ካልወረሰ ብለው ሙጭጭ አላሉም። ልጃቸው ወደምን እንደሚያዘነብል ካዩ በኋላ መንገዱን ጠረጉለት። በ649 ዓመተ ሂጅራ፣ የሕያ 19 ዓመት ሲሞላው፣ እጁን ይዘው ደማስቆ ድረስ የወሰዱት እኚሁ አባት ናቸው። ከታላቅ ሰው ጀርባ ቀድሞ ያየውና አደራውን የተቀበለ ሰው አይጠፋም።

በደማስቆ ኢማሙ ያረፉት ረዋሒያ በተባለች መድረሳ ነበር። ምግባቸው መድረሳዋ ለተማሪዎቿ የምታድለው ዳቦ ነው። ያቺን ቁራሽ እየበሉ አት-ተንቢህ የተባለውን የፊቅህ ኪታብ በአራት ወር ተኩል በቃላቸው ያዙት፤ በዚያው ዓመት ቀሪ ወራትም ከአል-ሙሀዘብ ሩቡን ጨመሩበት። ታሪካቸውን የጻፉልን ደረሳቸው ዐላኡዲን ኢብኑል-ዐጧር እንደዘገቡት ለሁለት ዓመት ያህል ጎናቸውን መሬት ላይ አሳርፈው አልተኙም። እንቅልፍ ሲያሸንፋቸው ኪታባቸው ላይ ደገፍ ብለው ጥቂት ያሸልቡና ይነቁ ነበር።

ከዚያም በኋላ በቀን 12 ትምህርት ከየሸይኹ ዘንድ መቅራት ጀመሩ። ሁለቱ ከኢማም ገዛሊ አል-ወሲጥ ነበሩ፤ ሌሎቹ አል-ሙሀዘብን፣ ሶሒሕ ሙስሊምን፣ ነሕውን፣ ሶርፍን፣ የዐረብኛ ቃላትን፣ ኡሱለል-ፊቅህን፣ የሐዲስ ዘጋቢዎችን ታሪክና ዐቂዳን ያካትታሉ። ከመምህሮቻቸው መካከል በአገራችን ደረሶች ዘንድ በአልፊያ የሚታወቁት ኢብን ማሊክ ይገኙበታል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን አያያዛቸው ነው። ከእያንዳንዱ ትምህርት ላይ የከበደውን ያብራራሉ፣ የተድበሰበሰውን አገላለጽ ያፍታታሉ፣ የቃላቱን አነባበብ ይመዘግባሉ። ሰምተው ብቻ አያልፉም። መንገድ ላይ ሲሄዱም የያዙትን እየከለሱ ነበር የሚሄዱት። ዛሬ ታክሲ ተሰልፈን የምናባክነውን ሰዓት እሳቸው የክለሳ ጊዜ አድርገውት ነበር ማለት ነው።

በዚህ መሃል አንድ ፈተና ገጠማቸው። ሕክምና መማር አማራቸውና የኢብን ሲናን አል-ቃኑን ገዙ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልባቸው ጨለመባቸው፤ ለቀናት ምንም መሥራት አቃታቸው። ምክንያቱን ሲመረምሩ የገዙት መጽሐፍ ሆኖ አገኙት። ወዲያው ሸጡት፤ ከሕክምና ጋር የተያያዘውን ሁሉ ከክፍላቸው አወጡ፤ ልባቸውም ተመለሰላቸው። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ሕክምና የተጠላ ዕውቀት ነው የሚል ትርጉም እንዳትወስድ። ሕክምና ሙስሊሞች ብዙ የደከሙበት፣ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ታላቅ ሙያ ነው። ነገሩ የእሳቸው ድርሻ አልነበረም፤ ይኸው ነው። በ12 ትምህርት ላይ አሥራ ሦስተኛ መጨመር ለሌላው የትጋት ምልክት ይመስለው ይሆናል። እሳቸው ግን መልካም ነገር ቢሆንም የእኔ ያልሆነውን ልተው አሉ። ዛሬ ስንቱ ወጣት ነው ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ጀምሮ አንዱንም ሳይጨርስ የሚቀረው?

አመጋገባቸውም በልክ ነበር። በቀንና በሌሊት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ከዒሻ በኋላ ይመገባሉ፤ በሱሑር ሰዓት ውሃ ይጠጣሉ። ደማስቆ በፍራፍሬዋ የታወቀች ሆና ሳለ ፍሬዋን አይቀምሱም ነበር። ምክንያቱም ብዙዎቹ የአትክልት ቦታዎች የወቅፍና በሞግዚት የሚተዳደሩ ሰዎች ንብረት ስለነበሩ፣ አያያዛቸውም በዑለማእ ዘንድ የሚያከራክር ስለነበረ ነው። ወደ ጉሮሯቸው የሚገባው ከየት እንደመጣ ሳያረጋግጡ አይውጡም ማለት ነው።

በ665 ዓመተ ሂጅራ፣ በ34 ዓመታቸው፣ ከታዋቂው ዓሊም ከአቡ ሻማ ቀጥለው የዳሩል-ሐዲስ አል-አሽረፊያ ኃላፊ ሆኑ። ሹመቱ ደመወዝ ነበረው። እስኪሞቱ ድረስ ግን ከዚያ ደመወዝ ለግል ጥቅማቸው አልወሰዱም፤ ኑሯቸው ወላጆቻቸው ከነዋ በሚልኩላቸው ላይ የተመሠረተ ነበር።

ስለ ጽሁፋቸው ላንሳ። ረውደቱ-ጥ-ጧሊቢን የተባለውን ብዙ ጥራዝ ያለው ኪታብ በ666 ጀምረው በ669 ፈጸሙት። በዚያው በ669 ሚንሃጅን አጠናቀቁ። በ670 ሪያዱ-ስ-ሷሊሒን ተከተለ። በዚህ ሁሉ መሃል ማስተማሩ አልተቋረጠም። በየሳምንቱ ለማተሚያ ቤት ጽሁፍ ለማድረስ ከሰዓት ጋር የምታገል ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ ሥራ በአንድ ሌሊት ትጋት እንደማይመጣ አውቃለሁ። ዛሬ ጥቂት ገጽ፣ ነገም ጥቂት ገጽ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ሲባል ነው ኪታብ የሚሆነው። ትልቁ ሥራቸው አል-መጅሙዕ ግን ስለ ሪባ የሚናገረው ክፍል ላይ ሲደርሱ ሞት ቀደማቸው። ከእሳቸው በኋላ ተቂዩዲን አስ-ሱብኪ ሊቀጥሉት ተነስተው እሳቸውም ሳይፈጽሙት አለፉ። ያልተጨረሰው መጅሙዕ ዛሬም የፊቅህ ሰዎች የሚመለሱበት ኪታብ ነው። ድርሻውን በየዕለቱ የሠራ ሰው ሥራው ባያልቅ እንኳ አይባክንበትም።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚያስቆመኝ ታሪክ ግን ይህ ነው። ኢማሙ በአንድ ወቅት በገዛ እጃቸው የጻፏቸውን አንድ ሺህ ያህል የወረቀት ጥራዞች ለኢብኑል-ዐጧር ሰጡና ቀለሙ በውሃ ታጥቦ እንዲጠፋ አዘዙ፤ ሲታጠብ ቆሞ እንዲያይም ነገሩት። ደረሳው ትእዛዙን ቢፈጽምም ቁጭቱ ከልቡ አልወጣም። ሰው ለፍቶ የጻፈውን እንዴት ያስጥባል? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ኒያ ላይ ነው። ያ ሁሉ ድካም ለስም ቢሆን ኖሮ አንዲት ቅጠል አትታጠብም ነበር።

ይህ ሰው ከንጉሥ ፊት ሲቆሙ ምን እንደሆኑ ደግሞ እንይ። ሱልጣን በይበርስ ሞንጎሎችን የመከቱ ኃያል መሪ ነበሩ። በዘመናቸው በደማስቆ ሰዎች የአትክልት ቦታና ይዞታ ላይ እገዳ ሲጣል፣ ድርቁም ሕዝቡን ሲያስጨንቅ፣ ኢማሙ ለሕዝቡ እየተከራከሩ ደጋግመው ደብዳቤ ጻፉ። ሱልጣኑ ተቆጡ፤ ማስፈራሪያም መጣ። ኢማሙ ግን ምክራቸውን አላቋረጡም። ይህን ድፍረት ብዙዎች ከተፈጥሮ ያመጡት ይመስላቸዋል። እኔ ግን በቀን አንዴ ከመብላትና ደመወዝ ካለመውሰድ ጋር አያይዤ ነው የማየው። የሚቀማው ነገር የሌለው ሰው በምን ይስፈራራል? ለብዙ ዓመት በየማታው የተለማመዱት ልክ፣ ቀኑ ሲደርስ በሱልጣን ፊት ወንድነት ሆነ።

በ676 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1277) ከወቅፍ የተዋሷቸውን ኪታቦች አንድ በአንድ መለሱ። የሸይኾቻቸውን መቃብር ዘየሩ፣ ወዳጆቻቸውን ተሰናበቱ፣ በይተል-መቅዲስንና አል-ኸሊልን ጎበኙና ወደ ነዋ ተመለሱ። በአባታቸው ቤት ታመሙ፤ በረጀብ 24 ሌሊት፣ በ45 ዓመታቸው፣ ወደ አኼራ ሄዱ። አባታቸው በሕይወት ነበሩ። ደማስቆ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ቢቆጠር ሁሉም ነገር የተሠራው በ27 የሂጅራ ዓመታት ውስጥ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንውሰድ? አንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰማ ለሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣና በአራተኛው ቀን ሁሉንም እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ይህ ታሪኩን አለመረዳት ነው። ኢማሙ ትዳር አልያዙም፤ ልጅም አላሳደጉም። ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ቀን ሙሉ ተሸክሞ ወይም ነድቶ የሚያድር ሰው 12 ትምህርት ልቅራ ቢል ራሱንም ቤተሰቡንም ይበድላል። ቁጥሩ የእሳቸው ነው፤ ልማዱ ግን የሁላችንም ሊሆን ይችላል።

ልማዱም ይህ ነው፤ አንደኛ፣ ለቀን ድርሻ መቁረጥና ድርሻውን ሳይወጡ አለመተኛት። ድርሻው አንድ ገጽ ቢሆንም ነገ እንዲደገም ይሁን። ሁለተኛ፣ መልካም ቢሆንም የራስ ያልሆነውን ነገር መተው። ሦስተኛ፣ የሚበሉት ከየት እንደመጣ ማወቅ። አራተኛ፣ ለማን እንደሚሠሩ በየጊዜው ኒያን መፈተሽ። እነዚህ አራት ነገሮች ገንዘብ አይጠይቁም፤ ዘመድም ሹመትም አይጠይቁም። ባለሱቁም፣ ተማሪውም፣ ሹፌሩም፣ የቤት እመቤቷም ሊይዟቸው ይችላሉ።

ዕድሌ ነው ለሚለው ወንድሜም አንድ ቃል ልጨምር። የሕያ ኢብን ሸረፍ ደማስቆ ሲገቡ የባለሱቅ ልጅ ነበሩ፤ እጃቸው ላይ የነበረው የመድረሳ ዳቦና የዛሬዋ ቀን ብቻ ነበር። ዳቦው የደማስቆ ተማሪዎች ሁሉ ነበር። ቀኑ ደግሞ ለአንተም ለእኔም እኩል 24 ሰዓት ሆኖ የተሰጠ ነው። ከዛሬው ላይ ምን ያህሉን እንደያዝክ፣ ከመግሪብ በፊት ራስህን ጠይቅ።

አላህ በዕድሜያችን በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።