የእቴጌ መነን ስለት

በየዓመቱ መጀመሪያ እያንዳንዳችን በቁጠባ ደብተራችን የፊት ገጽ ላይ የዓመቱን ዓላማችንን እንጽፋለን። አንዷ ሁለት በግ አድልባ ለፋሲካ መሸጥ፣ ሌላዋ የመርሳን ማንጎና ፓፓያ ወልድያ አምጥታ ማከፋፈል፣ ሌላዋ ደግሞ ሴት ልጇን ሳትዳር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ማድረስ። በዚህ ቀን ሁልጊዜ የሚነሳ ክርክር አለ። አንዳንዶቻችን ዓላማ በጸሎት ካልተያዘ አይሰምርም እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ጸሎቱ መልካም ነው፣ በጉን የሚያደልበው ግን መኖው ነው እንላለን። ክርክሩን ለመዝጋት አይደለም ይህን የምንጽፈው፤ ነገሩ ግን ከሀብሩ ጋር በሚዋሰነው አገር ተወልደው ያደጉ አንዲት እናትን አስታወሰን።

እቴጌ መነን አስፋው የተወለዱት በ1880ዎቹ መጀመሪያ በአምባሰል ነው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው ናቸው፤ ጃንጥራር የአምባሰል ገዢዎች ማዕረግ መሆኑን የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። እናታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ናቸው። ደሴ ያለው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተሰየመው በእኚሁ ሴት ስም ነው። ስሙን ሁላችንም እንጠራዋለን፤ የእቴጌ መነን እናት መሆናቸውን ልብ የምንል ግን ጥቂቶች ነን።

በዚያው ዘመን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና ጣሊያን ውል የተዋዋሉት በዚሁ በአምባሰል፣ ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ነበር። ውሉ እንዴት እንደ ፈረሰና ወደ ዐድዋ እንዳደረሰ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማሩታል። ያችው ጣሊያን ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጥታ የአምባሰሏን ልጅ ከአገራቸው አስወጣቻቸው።

መነን እንደ ዘመኑ ልማድ ገና በልጅነታቸው ተዳሩ። በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ጋር ሲጋቡ ቀደም ሲል የወለዷቸው ልጆች ነበሯቸው። ከዚህኛው ጋብቻ ደግሞ ስድስት ልጆች ወለዱ። ትዳሩ በቆመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቤተሰባቸው ለሁለት ተከፈለ። በ1909 ዓ.ም. አጎታቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ ባለቤታቸው ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ የሸዋ ጦር ከአያታቸው ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ገጥሞ አያታቸው ተማረኩ። ባል በአንድ ወገን፣ አያት በሌላ ወገን። በዚያ ቀን የቱ ወገን ቢያሸንፍ የእርሳቸው ቤት ሐዘን አይቀርለትም ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ባለቤታቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ፣ እርሳቸውም በዚያው ቀን ዘውድ ጫኑ። ይህን ዘውድ አንባቢያችን አትርሳብን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ከንግሡ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። አዳሪም ተመላላሽም ተማሪ ይቀበል ነበር፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ ሴት ልጆች እየመጡ ተማሩበት። እቴጌይቱ ቶሎ ቶሎ እየሄዱ ይጎበኙት፣ በምረቃውም ቀን ይገኙ ነበር። በደርግ ዘመን የካቲት 12 የተባለው ትምህርት ቤት ይኸው ነው። በልጅነታቸው የተዳሩ ሴት የመጀመሪያ ትልቅ ሥራቸው የሴት ልጆች ትምህርት ቤት መሆኑ እኛን አላስገረመንም። በሀብሩ ገጠር ስንት አባሎቻችን በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ተድረው፣ ዛሬ በደብተራቸው ላይ የሚጽፉት ዓላማ የራሳቸውን ሳይሆን የልጃቸውን ትምህርት እንደሆነ እናውቃለንና።

በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ መጣ። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው እቴጌይቱ ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ ተናግረው፣ ጦርነቱን ለማስቀረት እንዲነሡ ጠይቀው ነበር። ዓለም ሰማ፤ ግን አልተነሣም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሣዊው ቤተሰብ በባቡር ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወጣ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገረ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቭ ሄደው ጉዳያቸውን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቀረቡ፤ በኋላም እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ተቀመጡ። እቴጌ መነንም እዚያ ኖረዋል፤ ነገር ግን ብርዱ ለጤናቸው ስላልተስማማ ክረምት ክረምቱን ወደ ኢየሩሳሌም ይሄዱ ነበር።

ስለት የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ቤተልሔም በሚገኘው የልደት ቤተ ክርስቲያን ደጋግመው እየሄዱ ይጸልዩ ነበር። በዚያም በእመቤታችን ፊት ተሳሉ፤ ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች ዘውዴን ለዚህ ቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ ብለው።

በወሎ ስለት ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ክርስቲያኑም እስላሙም ይሳላል። እኛ ክርስቲያኖቹ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ስንወጣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጃንጥላ፣ መጋረጃ ይዘን የምንወጣው ስለት አለብን ብለን ነው። አንዳንድ ሰባኪዎች ስለትን ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ ንግድ ነው እያሉ ይነቅፉታል። እኛ እንዲህ አናየውም። ስለት ከምኞት የሚለየው የተሳለችው ሴት የምትለምነውን ነገር ለይታ መጥራቷና፣ ከራሷ ምን እንደምትከፍል አስቀድማ መናገሯ ነው። ኑሮዬ ይሻሻል ብሎ የሚሳል የለም፤ ልጄ ከዚህ በሽታ ይዳንልኝ ይባላል እንጂ። ለደብተራችንም ይኸው ይሠራል። ኑሮዬን ማሻሻል ብለው የጻፉ አባላት በዓመቱ መጨረሻ ደረሱ አልደረሱ መለየት ሲቸግረን አይተናል፤ ሁለት በግ ያሉት ግን ራሳቸው ያውቁታል።

እቴጌይቱም የለመኑት አንድ ነገር ነበር፣ የአገራቸውን ነፃነት። የተሳሉትም ከራሳቸው ላይ የሚወርድ ነገር ነው። ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወርቅ አስወጣለሁ አላሉም፤ ለነገሩ በዚያን ጊዜ ግምጃ ቤቱ በጠላት እጅ ነበር። ጸሎታቸውም በቤተልሔም ብቻ አልቀረም፤ በሶርያና በሊባኖስ ያሉትን ቅዱሳን ቦታዎች እየተሳለሙ ስለ አገራቸው ይለምኑ ነበር። በዚሁ ጊዜ በአገር ቤት አርበኞቹ በየዱሩ ይዋጉ ነበር። ስለዚህ ነፃነቱን ያመጣው ጸሎት ነው ወይስ ጠመንጃ የሚለውን ክርክር ለደብተሩ ቀን እንተወዋለን።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ቤተሰቡም ተመለሰ። እቴጌይቱ ስለቱን ለማዘግየት ሰበብ አላጡም ነበር። አገሩ ተጎድቷል፣ ዘውዱ የመንግሥት ክብር ነው፣ ቤተልሔምም ሩቅ ነው። እርሳቸው ግን በንግሣቸው ቀን የጫኑትን ያንኑ ዘውድ ወደ ቤተልሔም ላኩት። ለወደፊት እቴጌዎች እንዲሆን የእርሱ አምሳያ ተሠራ፤ እርሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ሙሉ ዘውድ አልጫኑም። በአደባባይ በዓል ላይ ዘውድ በሚያስፈልግበት ቀን የሚያደርጉት ትንሿን የግንባር ጌጥ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለናል። በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከወልድያና ከመርሳ ልጆቻችንን አዝለን ወደ ደሴ የወጣን፣ መውጫ አጥተንም በየቤታችን የቀረን፣ ያልተሳለ አልነበረም። ቤቴ ቆሞ ካገኘሁት፣ ልጄ በሕይወት ከተመለሰ ያላለች ማን ናት? ከመካከላችን ያስገቡ አሉ፤ እስከ ዛሬ ያልሞላላቸውም አሉ። ድሃ በመሆን የዘገየውን ስለት ማንም አይቆጥርባቸውም። ዘውድ የተሳለ ዘውድ፣ ጧፍ የተሳለ ጧፍ ያስገባል፤ ጧፍም የማይገዛበት ወር እንዳለ እናውቃለን።

እቴጌ መነን የለመኑት ሁሉ ተሰጥቷቸዋል ማለትም ሐሰት ይሆናል። እንግሊዝ አገር ነርስነት የተማሩት ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ በተመለሱ በዓመቱ፣ በ1934 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ዐረፉ። በ1949 ዓ.ም. ልጃቸው ልዑል መኮንን በመኪና አደጋ ሞቱ። እናት ለልጆቿ ሳትጸልይ ትቀራለች ብለን አናስብም። ሥራቸውን ግን አላቋረጡም። በጣሊያን ዘመን የተዘጋው ትምህርት ቤት እንደገና ተከፈተ፤ የቀይ መስቀልና የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር የበላይ ጠባቂ ሆነው ቀጠሉ፤ በመርካቶ የራጉኤልን፣ በእንጦጦ የኪዳነ ምሕረትን፣ በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር የሥላሴን ገዳም አሠሩ።

የመጨረሻው የአክሱም ጽዮን ነበር። ለአዲሱ የጽዮን ማርያም ካቴድራል ማሠሪያ ከግል ገንዘባቸው በብዛት ሰጡ። ሥራው ሳያልቅ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐርፈው፣ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የጽዮን ሕንፃ ከእርሳቸው በኋላ ተፈጽሞ ተመረቀ።