የሻምበል አበበ እግሮች

እሁድ ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ሰው ብዛት ያየ፣ ከተማው በሙሉ ሯጭ የሆነ ይመስለዋል። ሰኞ ጠዋት ግን ከዚያው ሕዝብ መካከል ደረጃ መውረድ ተስኖት ጭኑን እያሸ ቢሮ የሚገባው ጥቂት አይደለም። ለእነዚህ አንባቢዎቻችን ዛሬ የአንድ ሰው እግሮች ያሳለፉትን እናወጋለን፤ የሻምበል አበበ ቢቂላን።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በጃቶ መንደር ተወለደ። ልጅነቱ በእረኝነት አለፈ። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ገባ፤ በዚያም ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ሥልጠናውን ያዘለት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሳንባና ልብ እዚህ ብዙ ይለፋሉ። አበበ ሮም ላይ ሲያሸንፍ ዕድሜው 28 ነበር። ከዚያ በፊት ዳገቱንና ሜዳውን የለመዱ ብዙ ዓመታት ነበሩት። እኛ ግን አምስት ቀን ወንበር ላይ ውለን በስድስተኛው ቀን ጫፍ ላይ መገኘት እንፈልጋለን። በተለይ ቁልቁለቱ ይጎዳል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ስለሚይዝ፣ ሕመሙ የሚብሰው በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው።

የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። አበበ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው ነው። በልጅነቱ የጠነከረ ውስጥ እግር ነበረውና ቻለው፤ ይህን ማንም ዛሬ ተነስቶ አይሞክረው። ይልቅ ከዚህ የሚወሰደው ሌላ ነው፦ ያልለመዱትን ጫማ ለውድድር ቀን አያድርጉ። በታላቁ ሩጫ ዋዜማ አዲስ ጫማ የሚገዛ ሰው የሚያተርፈው ውኃ የቋጠረ ተረከዝ ነው።

ቶኪዮ ላይ የሆነው ይበልጥ ያስደንቃል። ውድድሩ 40 ቀን እንኳ ሳይቀረው አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ፤ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሆነ። ወዲያው ሣሩ ላይ ወርዶ ሰውነቱን ማፍታታት ያዘ። አንዳንዱ ትርኢት መስሎት ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን የወታደር ሥርዓት ነው የሚመስለኝ፤ ከባድ ሩጫን በድንገት ከማቆም ቀስ እያሉ መጨረስ ለልብም ለደም ዝውውርም ይሻላልና።

ከዚያ በኋላ እግሩ እምቢ አለ። ከ1959 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በደረሰበት የእግር ጉዳት ሌላ ማራቶን መጨረስ አልቻለም። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ሕመሙን ይዞ ተሰለፈ፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦም አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልብና ሳንባው የማያሳማ፣ ከቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ተነስቶ ያሸነፈ ሰው፣ የእግር ጉዳት አሸነፈው። የኛ ሰው እግሩን ሲያመው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ማሳጅ ቤት ወይም ወደ ወጌሻ ነው። በሥራ ብዛት የዛለ ጡንቻ በለዘብታ ሲታሽ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ሰውነት ይፈታል፤ ይህ እውነት ነው። ጉዳትን ግን አይከላከልም፣ የተሰነጠቀ አጥንትም አይጠግንም። ሕመሙ በአንድ ጣት ሊነካ በሚችል የአጥንት ቦታ ላይ ከሆነና ሲሮጡ እየባሰ ከሄደ፣ ማሳሸቱን ትተው ሩጫውን ያቁሙና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አዲስ ወለምታም በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በቅቤም ሆነ በቫዝሊን ጠንክሮ አይታሽም፤ ያበጠውን ያብሰዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ማድረግ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይሻላል። አንዱ ባት ብቻ ካበጠና ከሞቀ ደግሞ የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችል ፈጽሞ እንዳይታሽ፤ በዚያው ቀን ይታዩ። ስብራት ተጠርጥሮ በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም ከልክሎ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል፤ የአጥንት ሐኪሞች ይህን ሳይሰለቹ ያሳስባሉ።

በሜክሲኮው ዓመት መጋቢት 13 ቀን አበበ መኪናው ሸኖ አካባቢ ተገለበጠችበት። የጀርባ አጥንቱ ተጎዳ፣ እነዚያ እግሮች ከዚያ ወዲህ አልቆሙም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። ሆስፒታሉ ስፖርትን ለአከርካሪ ጉዳተኞች የሕክምናው አካል ያደረገ ነበርና፣ አበበ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ የቀስት ውርወራና የጠረጴዛ ቴኒስ ያዘ። በ1962 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ቀስት ወረወረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ተንሸራታች አሸነፈ። ዳገት ያሠለጠነው ትከሻና ትንፋሽ አሁንም አብሮት ነበር።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከዚያው አደጋ ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። መቃብሩ አዲስ አበባ፣ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።