የፍሮይድ ውሻና ጣውንቷ

ባለፈው ወር ልጄ አንድ ቡችላ ታቅፋ ቤት ገባች። የሥራ ባልደረባዋ የሰጣት ነው። እኛ ቤት ደግሞ ዘጠኝ ዓመት አብሮን የኖረ ቡቺ የሚባል ውሻ አለ። ጋዜጣ ሳነብ እግሬ ሥር ይተኛል፤ ማታ ስገባ በሩን ሳላንኳኳ ያውቀኛል። ቡችላው በመጣ በሦስተኛው ቀን ቡቺ ምግብ ተወ። በአምስተኛው ቀን የቡችላውን ጆሮ ነክሶ አደማው። ባለቤቴ ጣውንት መጣበት ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሰፊ ግቢ ላለው ወንድሜ ደውዬ ቡችላውን እንዲወስደው ለመንኩት። ልጄ ይህን ስትሰማ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ሕግ የተማረ ሰው ሲቸግረው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መጽሐፉ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጥኩ። አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል። ቡቺ ጎረቤት ቢነክስ ምን እንደሚጠብቀኝ ገባኝ። ቡቺ ቢቀናስ? ሕጉ ዝም ይላል። ስለዚህ ወደ ሌላው መደርደሪያ ዞርኩ፤ የሰውን የተደበቀ ቅናት ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን ወደጨረሱት ሰው። ለካ ይኸው ክስ እሳቸውም ቤት ቀርቦ ኖሯል!

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1856 በፍራይበርግ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ከተማዋ ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ናት። ለእናታቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ዩሊየስ የሚባል ወንድም ተወለደ፤ ዓመት ሳይሞላውም በ1858 ሞተ። ፍሮይድ በጎልማሳነታቸው ለወዳጃቸው በጻፉት ደብዳቤ ያንን ሕፃን በቅናት እንደተቀበሉት፣ ሲሞትም ጸጸት ውስጣቸው እንደቀረ ተናዘዋል። ልብ በሉ፣ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ ነው እንግዲህ በራሱ ላይ የፈረደው። እናት ሁለተኛ ልጅ ስታቅፍ የመጀመሪያው የሚሰማውን ነገር በኋላ በመጽሐፎቻቸው ደጋግመው ያነሱት ምናልባት ከዚህ ተነስተው ይሆናል።

ቤተሰቡ በ1860 ቪየና ገባ። ፍሮይድ በ1881 በሕክምና ተመረቁ፤ በ1891 በርግጋሰ ጎዳና ቁጥር 19 ተከራይተው 47 ዓመት ኖሩበት። ስለ ሕልም ፍቺ የጻፉት ትልቁ መጽሐፋቸው በ1899 መጨረሻ ወጣ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ እኔን የጠቀመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ፍሮይድ ውሻ የወደዱት ካረጁ በኋላ ነው። በ1923 የመንጋጋ ካንሰር ተገኘባቸው፤ ከዚያ ወዲያ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ተቆርጠዋል። በ1925 የመጨረሻ ልጃቸው አና ብቻዋን ስትንሸራሸር እንዲጠብቃት ቮልፍ የሚባል የጀርመን እረኛ ውሻ ቤቱ ገባ። በነገራችን ላይ የፍሮይድን የሕይወት ታሪክ በሦስት ቅጽ የጻፈው ኤርነስት ጆንስ በዚህ ውሻ ተነክሷል። በ1928 የአና ጓደኛ የሆነችው አሜሪካዊት ዶሮቲ በርሊንግሃም ለሽማግሌው ሉን ዩግ የምትባል ቻው ቻው ሰጠቻቸው። ቻው ቻው ከቻይና የመጣ፣ ጸጉሩ እንደ አንበሳ ጎፈር ያለ፣ ምላሱ የጠቆረ ውሻ ነው። ሉን ዩግ በማግስቱ ዓመት ሳልዝበርግ ባቡር ጣቢያ አምልጣ ሐዲድ ላይ ሞታ ተገኘች።

በ1930 ጆፊ መጣች። ስሟ በዕብራይስጥ ውበት ማለት ነው። ጆፊ የቤቱ ብቻ ሳትሆን የክሊኒኩም ነበረች፤ ታካሚ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሆዱን ሲያራግፍ እሷም እዚያው ትተኛለች። ሰዓቱ ሲያልቅ ተነስታ እንደምታዛጋ፣ ሐኪሙም ሰዓት ማየት እንደማያስፈልጋቸው ቤተሰቡ ይናገር ነበር። ኤች. ዲ. በሚል የብዕር ስም የምትታወቀው አሜሪካዊት ገጣሚ ሂልዳ ዱሊትል በ1933 ለምክር ስትመጣ፣ ፕሮፌሰሩ ከእኔ ታሪክ ይልቅ ውሻዋ ትስባቸዋለች ብላ ቅር እንዳላት ጽፋለች። የሰው ልጅ እንኳ በጆፊ ቀንቷል ማለት ነው።

እንዲህ ባለ ቤት ነው ሁለተኛዋ ቻው ቻው የገባችው። ስሟን ከሟቿ ወስደው ሉን አሏት። ጆፊ አልተቀበለቻትም። ይህችው ገጣሚ ለጓደኛዋ በላከችው ደብዳቤ ሁለቱ ውሾች ሲናከሱ ሽማግሌው ለመገላገል ወለል ላይ እንደወደቁ፣ ሳንቲማቸው ከኪሳቸው እየተንከባለለ እንደተበተነ፣ አናም እንደጮኸች ታወራለች። ሰባ ሰባት ዓመት የሞላቸው ወይም ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ መንጋጋቸው በሰው ሠራሽ ድጋፍ የቆመ፣ ስለ ቅናት ዓለምን ያስተማሩ ሰው ወለል ላይ! እኔ ይህን ሳነብ ስለ ቡቺ የነበረኝ ኀፍረት ቀለለኝ።

ብይኑ ምን ሆነ? ቀድማ የመጣችው ረታች። ሉን ወደ ዶሮቲ በርሊንግሃም ተላከች። ዶሮቲ የምትኖረው ደግሞ እዚያው ሕንፃ፣ ከፍሮይድ ቤት በላይ ነው። እዚያ ላይ ያለችው ውሻ ታች ያለውን ድምፅ የምትሰማ ይመስለኛል። ጥፋት ሳይገኝባት የተፈረደባት እሷ ናት፤ ይግባኝም አልነበራትም። አራት ዓመት ቆየች።

በጥር 1937 ጆፊ ለማሕፀን አካባቢ ዕጢ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ የዳነች ሲመስል ልቧ ቆመ። ፍሮይድ የሰባት ዓመት ቅርርብ በቀላሉ እንደማይረሳ ለደራሲው ለአርኖልድ ዝዋይግ ጻፉ። ግን በማግስቱ ሉንን ከላይ አስወረዱ። መጀመሪያ ሳነብ ይህ ነገር ቀዝቃዛ ሆኖብኝ ነበር፤ የአርባዋ ቀን እንኳ ሳይደርስ! ኋላ ሳስበው ግን ሰማንያ ዓመት ላለፈው በሽተኛ አርባ ቀን ረጅም ነው።

በመጋቢት 1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ያዙ። ጌስታፖ አናን ወስዶ ቀኑን ሙሉ አቆያት፤ ፍሮይድ ለመሰደድ የቆረጡት ከዚያ በኋላ ነው ይባላል። የመውጫ ፈቃድ ሲጠባበቁ ከአና ጋር ሆነው የሚተረጉሙት ወዳጃቸው ልዕልት ማሪ ቦናፓርት ካንሰር ስለያዛት ቻው ቻዋ የጻፈችውን መጽሐፍ ነበር። ሰኔ 4 ቀን ቪየናን ለቀቁ። ሉን አብራቸው ተሳፈረች። አራት እህቶቻቸው ግን ቀሩ፤ አራቱም በናዚ ካምፖች ሞቱ።

እንግሊዝ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይገባባት ከውጭ የሚመጣን ውሻ ስድስት ወር ታቆይ ነበር። ሉን ምዕራብ ለንደን በሚገኝ ማቆያ ገባች፤ ሽማግሌው ሄደው ይጠይቋት ነበር። ለማጽናኛ ጃምቦ የምትባል ትንሽ ፔኪኒዝ ውሻ ቤት መጣች፤ የሉንን ቦታ ግን አልሞላችም። ሉን በታኅሣሥ ተፈታች።

ከዚያ የሆነውን የግል ሐኪማቸው ማክስ ሹር ጽፎታል። በ1939 ካንሰሩ ጉንጫቸውን በስቶ ወጣ። ሽታው ከባድ ስለነበር ዝንብ እንዳይሰበሰብ አልጋቸው ላይ አጎበር ተዘረጋ። ሉን ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ወደ ሩቁ ጥግ ሸሽታ ትኮራመታለች፤ ቢጠሯትም አትቀርብም። ፍሮይድ ምክንያቱን ያውቁ ነበር። መስከረም 23 ቀን 1939 አረፉ።

ለወንድሜ መልሼ ደውዬ ቡችላው እንደሚቆይ ነገርኩት። አንድ የእንስሳት ሐኪም በሰጠኝ ምክር ሁለቱን በየፊናቸው እናበላለን፤ ቡቺ ቀድሞ ይበላል፣ በር ሲከፈት ቀድሞ ይወጣል፣ ስም ሲጠራ ቀድሞ ይጠራል። ማታ ማታ እኔ ቡቺን፣ ልጄ ቡችላውን ይዘን ከግቢው ውጪ፣ የማንም ባልሆነ መንገድ ላይ ራቅ ራቅ ብለን እንሄዳለን። ሐኪሙ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል ብሎኛል። ትናንት ጋዜጣ ሳነብ ቡችላው እስከ ምንጣፉ ጫፍ ድረስ መጣ። ቡቺ ቀና ብሎ አየው፣ አላጉረመረመም፣ ራሱን መልሶ እግሬ ላይ አኖረ። ቡችላውም እዚያው ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተኛ።