እቴጌ ምንትዋብ፦ ወርቁ ሄደ፣ ሥዕሉ ቀረ

ይህ ዓምድ ስማቸው ከሚነሣ ከድሮ ሰዎች የአንዱን የሕይወት ታሪክ የሚያቀርብ ነው። የዛሬዋ ባለ ታሪክ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በእርግጥ ስማቸውን ያልሰማ ሰልጣኝ ይኖራል ብለን አንገምትም። ፋሲል ግቢን የጎበኘ ሁሉ በስማቸው የሚጠራውን ቤት አይቷል፤ የቁስቋምን አቀበት የወጣም የቤተ መንግሥታቸውን ፍርስራሽ ተመልክቷል። ዳሩ ግን እቴጌይቱ ሥዕል አሠሪና የወርቅ ንዋየ ቅድሳት ሰብሳቢ እንደነበሩ፣ የራሳቸው መልክም በቀለም ተሥሎ ለእኛ ዘመን እንደደረሰ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። እስቲ ዛሬ ሕይወታቸውን በዚህ በኩል እንየው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከቋራ እስከ ጎንደር

ምንትዋብ የተወለዱት በ1706 ገደማ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው በቋራ አገር ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ሲሆን ምንትዋብ የሚለው ለመልካቸው የወጣ ስም ነው። ትርጉሙን ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራራት አያስፈልግም። ዘውድ ሲጭኑ ደግሞ ብርሃን ሞገሳ ተባሉ።

ከአጼ በካፋ ጋር እንዴት እንደተገናኙ የሚነገረው እንዲህ ነው። በካፋ ልብስ ለውጠው፣ ማንነታቸውን ደብቀው አገር መዞር የሚወዱ ንጉሥ ነበሩ ይባላል። አንድ ጊዜ ቋራ ላይ ሳሉ ሕመም ጣላቸውና ከአንድ ባላባት ቤት አረፉ። የባላባቱ ልጅ አስታመመቻቸው፤ ሲድኑም አገቧት። ትረካው ምን ያህሉ እውነት፣ ምን ያህሉ ተረት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፤ ጋብቻው ግን እውነት ነው።

በካፋ በ1730 ሲሞቱ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እንግዲህ እናቲቱ ለልጁ እንደራሴ ብቻ ሆነው አልቀሩም፤ እሳቸውም ዘውድ ጭነው አብረው ነገሡ። ይህ ለሁሉም አልተዋጠለትም። በ1732 ዓመፀኞች ጎንደርን ከበቡ፤ እቴጌይቱና ልጃቸው በግቢው ቅጥር ውስጥ ተዘግተው ቆዩ፤ ከተማውም ብዙ ጉዳት ደረሰበት። በመጨረሻ ከየአውራጃው ጦር ደረሰላቸውና ከበባው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ወንድማቸው ወልደ ልዑል የመንግሥቱ ዋነኛ ሰው ሆነ፤ የቋራ ወገንም በረታ።

ቁስቋም ሲሠራ

አገሩ ሲረጋ ምንትዋብ ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከተራራው ግርጌ ያለውን ቦታ መርጠው የራሳቸውን ደብር አሠሩ። ስሙንም ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አሉት። ቁስቋም ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ በስደት ያረፈችበት የግብፅ ተራራ ስም ነው። ልጇን ታቅፋ ከጠላት የሸሸች እናት ታሪክ፣ ልጃቸውን ይዘው ከበባ ላሳለፉት እቴጌ ምን ስሜት እንደሚሰጥ አንባቢ ራሱ ይገምት።

ቤተ ክርስቲያኑ በ1740 አካባቢ ተመረቀ። ከጎኑ ቤተ መንግሥት ቆመ፤ ዙሪያውን በግንብ ታጠረ። ከፍርስራሹ ግድግዳ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሁንም ይታያሉ። እቴጌይቱ ለዚህ ደብር መሬት ተከሉ፤ ካህናትን፣ ጸሐፍትን፣ ሠዓሊዎችን፣ አንጥረኞችን ሰበሰቡ።

ከአንጥረኞቹ እጅ የወጡ ሁለት ዕቃዎች ዛሬም አሉ። አንደኛው ወልደ ጊዮርጊስ የተባለ ባለሙያ የሠራው የወርቅ ጽዋ ነው፤ ኢያሱና እናቱ ለቁስቋም የሰጡት መሆኑ በላዩ ተጽፏል። ሁለተኛው ደርብ ደርብ ሆኖ የተሠራ ትልቅ የወርቅ ዘውድ ሲሆን፣ የሐዋርያትና የወንጌላውያን ምስል ጎልቶ ወጥቶበታል። ይህም በ1740 ገደማ በእናትና በልጁ ትእዛዝ ተሠርቶ ለቁስቋም የተሰጠ እንደሆነ ይታመናል።

ልጁ ኢያሱ ሲያድግ እሱም የጌጥ ፍቅር ያዘው። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ኢያሱ ከሰምርኔስ የመጡ የግሪክ አንጥረኞችን አሠርቶ አዳራሹን በዝሆን ጥርስ አስለበጠ፤ ከዝሆን ጥርሱ በላይም ወርቅ በተቀባ የመዳብ ክፈፍ የተያያዙ የቬኒስ መስተዋቶችን አስደረደረ። ሰዉ ግን ዝም አላለም። ንጉሡ አዳራሽ ከማስጌጥ በቀር ዘመቻ አያውቅም እያለ ይዘባበትበት ነበር። ፌዙ ምን እንዳስከተለ ቀጥለን እናያለን።

የዘይቱ ቀለም ሥዕል

በቤተ መንግሥቱ ከወርቁ ሁሉ በላይ የሚከበር አንድ ትንሽ ሥዕል ነበር፤ ስሙ ኩርዓተ ርእሱ ይባላል። ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቶ፣ ራሱን ተመቶ የሚታይበት የፊት ሥዕል ነው። የተሣለው በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ፣ በአንድ አውሮፓዊ እጅ፣ በእንጨት ገበታ ላይ በዘይት ቀለም ነው። የጎንደር ነገሥታት ለዘመቻ ሲወጡ ይህን ሥዕል ይዘው ይወጡ ነበር፤ መሐላም በፊቱ ይፈጸም ነበር።

ኢያሱ ያን ፌዝ ለማስቀረት ይመስላል በ1744 ወደ ስናር ዘመተ። ነገሩ ከፋ። ጦሩ በዲንደር ወንዝ አጠገብ በፉንጆች ተመታ፤ ኩርዓተ ርእሱም ተማረከ። ጎንደር አዘነች። እንግዲህ ከአዳራሹ ወርቅ ይልቅ የሕዝቡን ልብ የያዘው የትኛው እንደነበር ያን ጊዜ ታየ። ሥዕሉ በብዙ ወርቅ ተዋጅቶ ሲመለስ ትልቅ ደስታ ሆነ። የጎንደር ሠዓሊዎችም ደጋግመው ቀድተውታል፤ በብዙ ቤተ ክርስቲያን የምናየው ራሱን ዘንበል ያደረገ፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታ ሥዕል ዘሩ ከዚያ ነው።

ወርቅና ቢጫ ቀለም

እዚህ ላይ ስለ ሙያው ጥቂት እንበል፤ ሥዕል ለሚያስተምር ሰው ይጠቅማልና። በቬኒስና በቀርጤስ ደሴት የሚሠሩ የቅዱሳን ሥዕሎች ጀርባቸው ወርቅ ነው። ወርቁ ተቀጥቅጦ፣ ከወረቀት በላይ ሳስቶ፣ ትንፋሽ የሚያበረው እስኪሆን ድረስ ይቀጥናል። ከዚያ በቀይ አፈር በተለቀለቀ ገበታ ላይ ተለጥፎ፣ በለስላሳ ድንጋይ ወይም በእንስሳ ጥርስ እየታሸ እንዲያበራ ይደረጋል። እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ወደ አገራችን ገብተው የእኛ ሠዓሊዎች አይተዋቸዋል።

የእኛዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የወርቁን ቦታ በደማቅ ቢጫ ቀለም ሸፈኑት። በእንጨት ላይ ሲሥሉ ገበታውን በነጭ ጀሶ ይለቀልቃሉ፤ ቀለሙን ከእንስሳ ቆዳ በሚወጣ ማጣበቂያ ይበጠብጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሆን ደግሞ የጥጥ ጨርቅ በተለሰነው ግድግዳ ላይ ለጥፈው በዚያ ላይ ይሥላሉ። በምንትዋብ ዘመን ይህ ሙያ አዲስ መልክ ያዘ። ፊት በጥላና በብርሃን እየተለሰለሰ ክብነት አገኘ፤ ልብሱም ከውጭ አገር እንደሚመጣው ሐር በአበባና በዘንግ አጌጠ። የታሪክ አዋቂዎች ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚሉት ይህንን ነው። አንድ ልማድ ግን አልተለወጠም፤ ደግ ሰው በሙሉ ፊቱ፣ ክፉ ሰው በአንድ ዓይኑ ይሣላል።

ናርጋ ላይ ያለው መልክ

ምንትዋብ ከጎንደር ውጭ ካሠሯቸው መካከል በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ይገኝበታል። ክብ ሆኖ የተሠራ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትታያለች። ከእግሯ ሥር አንዲት ያማረ ልብስ የለበሰች ሴት ተዘርግታ ተሥላለች። እነሆ፣ እቴጌ ምንትዋብ እኒያ ናቸው።

ይህ ልብ ሊባል ይገባል። አገር ይገዙ የነበሩ፣ ዘውድ የጫኑ ሴት መልካቸውን ማሣል ሲፈልጉ በዙፋን ላይ፣ በፈረስ ላይ ወይም በወርቅ ክፈፍ ውስጥ አላስቀመጡትም። በጊዜው እንደነበረው የአሠሪዎች ልማድ፣ ከሥዕሉ ግርጌ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ዝቅ አደረጉት። በአውሮፓ በዚያው ዘመን ነገሥታት ቁመታቸው የሚያህል ሥዕል ያሠሩ ነበር። የእኛ እቴጌ ግን በሥዕሉ ውስጥ ትንሿ ሰው ናቸው። ትሕትና ነው እንበል? ነው። ግን ደግሞ ብልኃት አለበት፤ ምክንያቱም ከእመቤታችን ጋር የተሣለን ሰው ማን ደፍሮ ይፍቃል?

የመጨረሻው ዘመን

ኢያሱ በ1755 ሞተ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ሕፃን ስለነበር ምንትዋብ እንደገና እንደራሴ ሆኑ። አሁን ግን ጊዜው ሌላ ነው። የኢዮአስ እናት የኦሮሞ ባላባት ልጅ ስለነበሩ በእሳቸው ወገንና በቋራው ወገን መካከል ፉክክር ተነሣ። ወንድማቸው ወልደ ልዑል በ1767 ሲሞቱ ሚዛኑ ጨርሶ ተናጋ። ለማስታረቅ የተጠሩት የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል ሥልጣኑን ለራሳቸው ያዙት፤ ኢዮአስም በ1769 ተገደለ። የልጅ ልጃቸውን የቀበሩት አሮጊት ከዚያ በኋላ ከፖለቲካው ራቁ። ብሩስ ወደ ጎንደር ሲመጣ በቁስቋም ተቀብለውታል፤ በቤተሰባቸው መካከል ገብቶ የነበረውን ፈንጣጣም አክሞላቸዋል። በ1773 ዐረፉ። የእሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ነው የሚባለው አፅም በቁስቋም በአንዲት ሣጥን ይጠበቃል።

ያ ሁሉ ስብስብ የት ገባ?

አሁን ወደ ወርቁ እንመለስ። በ1860ዎቹ አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አስወስደው ወደ መቅደላ አጓጓዙ። በኤፕሪል 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ያ ሁሉ ሀብት ተዘረፈ፤ በደላንታ ሜዳ ላይም በጨረታ ተሸጠ። የቁስቋም ዘውድና ጽዋ ለንደን ገብተው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀመጡ። በ2018፣ መቅደላ በተያዘ በ150ኛው ዓመት፣ እዚያው ለሕዝብ እይታ ሲቀርቡ የይመለሱልን ጥያቄ እንደገና ተነሥቷል።

ኩርዓተ ርእሱስ? ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው፤ ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ አስቀረው። በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 እንደገና ተሸጠ፤ ኋላም ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ ሆኖ ተገኘ። ቁስቋም ራሱ በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ተቃጠለ። የኢያሱ አዳራሽ መስተዋትና የዝሆን ጥርስም ጠፍቷል።

ልብ በሉ! የሚያብረቀርቀውና በቅሎ ሊሸከመው የሚችለው ሁሉ ሄደ። ከግድግዳ ጋር በማጣበቂያ የተለጠፈው፣ ወርቅ ሳይሆን ቢጫ ቀለም የተቀባው የናርጋ ሥዕል ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ዘራፊ የሚፈልገው ወርቅ አልነበረበትም፤ ሐይቁም ከለለው፤ የደሴቱ ካህናትም ጠበቁት። እቴጌይቱ ካሠሯቸው መካከል መልካቸውን እስከ ዛሬ ካቆዩልን አንዱ ይኸው ነው።

እጩ መምህራን፤ ነገ ከነገ ወዲያ በየደጋው ት/ቤት ትመደባላችሁ። በአካባቢያችሁ ያለው ደብር ሥዕል ሊኖረው ይችላል፤ ዝናብ የሚያንጠባጥብበት፣ ጨርቁ ከግድግዳው መላቀቅ የጀመረ፣ ወይም ሰው ለማደስ ብሎ አዲስ ቀለም ሊደርብበት የተዘጋጀ። ካህናቱን ጠይቃችሁ፣ ፈቃድ አግኝታችሁ ተማሪዎቻችሁን አሳዩ። ከሥዕሉ ግርጌ የተኛው ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ስሙ ተጽፎ ከሆነ ያንብቡ፤ በደብተራቸውም ይመዝግቡ። በመዝገብ ያልሰፈረ ነገር ሲጠፋ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም። ቁስቋምና ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ የገጠሩ ደብር መዝጋቢ ግን ምናልባት እናንተ ናችሁ።