አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ

አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ሁራዶ (1817–1892 እ.ኤ.አ.) የእስፓንያ ጊታር ሠሪ ነበር። የዛሬው ክላሲካል ጊታር ቅርጽና የውስጥ አሠራር በአብዛኛው ከእሱ የተወረሰ ነው።

ሕይወቱ

በአልሜሪያ አጠገብ ተወልዶ በ12 ዓመቱ አናጢነት መማር ጀመረ። በኋላ በሴቪያ ከተማ ጊታር እየሠራ ኖረ፤ በ1858 እ.ኤ.አ. በዚያው በተካሄደ ኤግዚቢሽን የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። ዝናው ግን ኑሮውን አላቃናለትም። በ1870 ገደማ ወደ አልሜሪያ ተመልሶ የሳህንና የስኒ ሱቅ ከፈተ። ከ1875 ጀምሮ እንደገና ጊታር መሥራት ጀመረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አላቋረጠም።

ሥራው

የጊታር የፊት ሳንቃ ስስ ነው። ክሮቹ በኃይል ስለሚስቡት ያለ ድጋፍ ይጎብጣል፤ ድጋፉ ከበዛ ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። ቶሬስ በሳንቃው ውስጠኛ ገጽ 7 ቀጫጭን እንጨቶችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይለጥፍ ነበር። ይህን አቀማመጥ ከእሱ በፊት የነበሩ ሠሪዎችም ሞክረውታል። የእሱ ድርሻ ሳንቃውን አስፍቶ፣ አሳስቶና በጥቂቱ ደጋን አስመስሎ ከድጋፎቹ ጋር ማመጣጠኑ ነው።

በክራርና በማሲንቆ የክሩን ንዝረት የሚያጎላው የተወጠረው ቆዳ ነው፤ በጊታር ደግሞ የፊት ሳንቃው ነው። ቶሬስ ይህን ለማሳየት በ1862 እ.ኤ.አ. ጎኑና ጀርባው ከካርቶን፣ ፊቱ ብቻ ከእንጨት የሆነ ጊታር ሠራ። ይህ ጊታር ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል።

ታዋቂው ጊታር ተጫዋች ፍራንሲስኮ ታሬጋ በቶሬስ ጊታር ይጫወት ነበር። ከቶሬስ በኋላ የመጡ ሠሪዎችም የእሱን ልክና የድጋፍ አቀማመጥ መነሻ አድርገዋል።