ጆ ሉዊስ በቡጢና በትግል መድረክ

ቀላል ሰው ከከባድ ሰው ጋር ቢጋጠም ማን የሚያሸንፍ ይመስላችኋል? መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ግጥሚያው የቡጢ ነው ወይስ የትግል ብላችሁ መጠየቅ ይገባችኋል። የጆ ሉዊስ የሕይወት ታሪክ የዚህን ጥያቄ ጥቅም ያስረዳችኋል።

ጆ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት ተወለደ። ወላጆቹ በሰው መሬት ጥጥ እያመረቱ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈሉ ድኻ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1926 ወደ ዲትሮይት ከተማ ተሰደደ። ሉዊስም የቡጢን ስፖርት የተማረው በዚያች ከተማ ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 1935 ሉዊስ በኒውዮርክ ከኢጣሊያዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ካርኔራ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ክብደቱ 118 ኪሎ የሆነ ግዙፍ ሰው ነበር። ሉዊስ ግን 89 ኪሎ ብቻ ይመዝን ነበር። በዚያን ጊዜ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሠራዊቱን ያዘጋጅ ስለ ነበር፣ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ሉዊስን እንደ ኢትዮጵያ፣ ካርኔራን እንደ ወራሪው ኃይል አድርገው ተመለከቷቸው። ሉዊስ ግዙፉን ሰው በስድስተኛው ዙር ሦስት ጊዜ ጣለው፤ ዳኛውም ግጥሚያውን አቆመ። የመድረኩ ድል ግን ጦርነቱን አላስቀረም፤ ከሦስት ወር በኋላ ፋሽስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወረረች።

የካርኔራ ክብደት ለምን አልጠቀመውም? በቡጢ ሕግ ተጋጣሚን አንቆ መጣል ወይም በላዩ ላይ መውደቅ ክልክል ነው። ስለዚህ ፈጣን ሰው ርቀቱን ጠብቆ ይመታል፤ ሲመቱትም ዘወር ይላል።

ሉዊስ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1949 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ ቆየ፤ ማዕረጉንም 25 ጊዜ አስከበረ። እ.ኤ.አ. በ1942 ቡዲ ቤር የተባለውን 113 ኪሎ የሚመዝን ተጋጣሚ በመጀመሪያው ዙር በዝረራ አሸንፎ፣ ገቢውን ለባሕር ኃይል ቤተሰቦች መርጃ ሰጠ። ይሁን እንጂ በኋለኛው ዘመኑ ከባድ የግብር ዕዳ ተጫነው።

ዕዳውን ለመክፈል ሲል እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ትግል መድረክ ወጣ። የመጀመሪያ ተጋጣሚው ሮኪ ሊ 145 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ሉዊስ አሸነፈው። የዚህ ዓይነት ትግል ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የተወሰነ ትርዒት ነው፤ የሰውየው ክብደት ግን እውነተኛ ነበር። በዚያው ዓመት ያ ሁሉ ክብደት በደረቱ ላይ ስላረፈ ሉዊስ ጉዳት ደረሰበት፤ የልብ ሕመምም ስለ ተገኘበት ተጋጣሚነቱን ተወ። በትግል ተጋጣሚን መያዝና መሬት ላይ መጫን የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ የተጫነበትን ሰው እግር ፈጣንነትና የጡጫ ብርታት አያድኑትም።

ጆ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1981 ላስ ቬጋስ ውስጥ ዐረፈ። እንግዲህ ስለ ሁለት ተጋጣሚዎች ስትፈርዱ ሚዛኑን ብቻ አትመልከቱ፤ የጨዋታውን ሕግና ሰውየውን ወደዚያ መድረክ ያወጣውን ችግርም መርምሩ።

መልመጃ
1. የካርኔራ ክብደት ያልጠቀመው፣ የሮኪ ሊ ክብደት ግን ሉዊስን የጎዳው ለምንድን ነው?
2. ጥቁር አሜሪካውያን የ1935ቱን ግጥሚያ ከኢትዮጵያ ጋር ያያያዙት ለምንድን ነው?
3. ችግር ሰውን ወደማያውቀው ሙያ እንዴት እንደሚገፋው የሚያስረዳ ሁለት አንቀጽ ጻፉ።